ኮዱን አንብቦ ዕቃ ቀይር ማለት ምርመራ ነው እንዴ?

አሁንስ በቃኝ! የመኪናዬ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ሲስተም) መብራት በራ ብዬ ይኸው ሦስተኛ ጋራዥ። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ሰካና መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብቦ የፊት ግራ ጎማውን ፍጥነት የሚያነበው ሴንሰር ነው አለኝ፣ ቀየርኩ፣ ፒያሳ ሳልደርስ ተመልሶ በራ። ሁለተኛው ደግሞ ሞጁሉ (ኤቢኤሱን የሚያዘው ኮምፒዩተር) ነው አለ፣ ዋጋውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ቆይ ኮዱ እኮ የቱ ጎማ ጋ ችግር እንዳለ ነው የሚጠቁመው፣ ሴንሰሩ ሞቷል አይልም! ሽቦው ተቆርጦ ቢሆንስ? ሶኬቱ ውሃ ገብቶበት ቢሆንስ? ሴንሰሩ የሚያነበው፣ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ጥርሳም ቀለበት ዝጎ ቢሆንስ? በቴስተር መለካት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ዛሬ ሦስተኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "አምፖሉን እንንቀለው፣ ፍሬኑ እንደሆነ ይይዛል"። ይይዛል፣ ግን በዚህ ዝናብ ቸርችልን ቁልቁል ስወርድ ሰው ድንገት ቢገባብኝና ፍሬን ስረግጥ ጎማው ቆልፎ ቢንሸራተትስ? ልጆቼን ነው እኮ የምጭነው!