የአሜሪካን ጉልበተኛ መኪኖች ነዳጅ አልገደላቸውም

አሜሪካ ውስጥ የአሮጌ መኪና ወዳጆች በተሰበሰቡበት አንድ ወሬ አይጠፋም። በ1973 ዓረቦች ነዳጅ ዘጉ፣ መስል ካር ሞተ፣ አለቀ። ወሬው አጭር ነው፣ ለመናገርም ይመቻል። ጥፋተኛው ሩቅ አገር ያለ ሰው ስለሆነ የመኪና ፋብሪካዎቹን ከተማ ዲትሮይትን ማንም አይጠይቃትም። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ዓመቶቹን ደርደር አድርጎ ላያቸው ሰው አይገጥሙም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። መስል ካር ስንል የስፖርት መኪና ማለታችን አይደለም። መካከለኛ መጠን ያለው ተራ መኪና ነው፤ ኮፈኑ ውስጥ ግን ለትልቁ መኪና የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገብቶበታል። ነገሩን ያጋጋለው ፖንቲያክ ነው። የባለቤቱ የጄኔራል ሞተርስ ደንብ መካከለኛ መኪና ላይ ከ5.4 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም ይከለክል ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ዘዴ ዘየዱ። 6.4 ሊትሩን ሞተር አዲስ ሞዴል ነው ብለው አላቀረቡትም። ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ክፍያ ያለው «አማራጭ» ነው ብለው ቴምፔስት በተባለው መኪና ላይ አስገቡት። የ1964ቱ ጂቲኦ እንዲህ ተወለደ። 5 ሺህ ይሸጣል ተብሎ ከ32 ሺህ በላይ ሄደ። በ1966 ደግሞ ወደ 97 ሺህ ደረሰ።

ምስጢሩ ርካሽነቱ ነው። በ1968 የወጣው ፕሊመዝ ሮድ ረነር መነሻ ዋጋው ከ3 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ጌጥ የሚባል ነገር አልነበረውም። ፕሊመዝ ገንዘቡን ያወጣው ሌላ ቦታ ነው። የካርቱኗን ወፍ ስምና ምስል ለመጠቀም ለዋርነር ብራዘርስ 50 ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ክላክሱንም እንደ ወፏ «ቢፕ ቢፕ» እንዲል አሠራው። ሥራ የጀመረ ወጣት በደመወዙ ብድር ይዞ ሊገዛው ይችላል። ገዛውም። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 45 ሺህ የሚጠጋ ተሸጠ።

ርካሽ ነገር ግን የሆነ ቦታ ላይ ይጎድለዋል። ብዙዎቹ አማራጭ ካልተገዛላቸው በስተቀር አራቱም እግር ላይ ሲግል የሚደክም ድራም ፍሬን ይዘው ነበር ከፋብሪካ የሚወጡት። ጎማቸውም ለዚያ ጉልበት የሚመጥን አልነበረም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይበራሉ። መታጠፍና መቆም ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን ቀድሞ ያስተዋለው የኢንሹራንስ ሒሳብ ሠሪ ነው። የመጀመሪያው ገዳይም እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት 50 ሺህ አልፎ ነበር፤ በ1972 ከ54 ሺህ በላይ ሆነ። ኩባንያዎቹ የመኪናውን ክብደት ለፈረስ ጉልበቱ ማካፈል ጀመሩ። ውጤቱ ትንሽ ከሆነ፣ አሽከርካሪውም ከ25 ዓመት በታች ያለ ወንድ ከሆነ፣ ክፍያው ይቆለላል። ጭራሽ አንመድንም ያሉም ነበሩ። የወር ኢንሹራንሱ ከመኪናው ብድር የበለጠበት ልጅ ጥቂት አልነበረም። ዛሬ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ 17 ዓመት የሞላው ወንድ ልጁን ኢንሹራንሱ ላይ ያስገባ አበሻ አባት ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፋብሪካዎቹስ ምን አደረጉ? ቁጥር ቀነሱ። ፎርድ በ1968 ኮብራ ጄት የሚባለውን 7 ሊትር ሞተር ሙስታንግ ውስጥ ሲያስገባ 335 የፈረስ ጉልበት ነው ብሎ ጻፈ። በደንብ ከዚያ በላይ እንደሆነ የመኪና ሰው ሁሉ ያውቃል። ፍሬን ከማሻሻል ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ማሻሻል ይቀላል። ይህን ጠባይ ልብ በሉልኝ፣ ቆይቶ ይመጣል።

የሚገርመው ግን ክፍያው እየተቆለለ ባለበት ሰዓት ነው ጉልበቱ ጣሪያ የነካው። በ1970 ጄኔራል ሞተርስ የራሱን የሞተር መጠን ገደብ አነሳና ሸቭሮሌ ሸቬል ላይ 7.4 ሊትር ሞተር ገጠመ፤ 450 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ፈጣን ነው።

ምክንያቱ እርሳስ ነው፣ ማዕድኑ። የነዚህ ሞተሮች ጉልበት የሚመጣው ፒስተኑ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን በጣም ጨምቆ ስለሚያቃጥል ነው። ሲጨመቅ ደካማ ቤንዚን ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ቢጨመር ይህ ችግር እንደሚቀር ያገኘው ቶማስ ሚጅሊ ነው፣ በ1921፣ በጄኔራል ሞተርስ ላቦራቶሪ። በ1970 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሴናተር ኤድመንድ መስኪ የገፋበትን የንጹሕ አየር ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈረመ። ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ እስከ 1975 በ90 በመቶ ይቀንስ ተባለ። ዲትሮይት ለዚህ የመረጠችው የጭስ ማውጫው ላይ ተገጥሞ ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። ኮንቨርተሩን ደግሞ እርሳስ ያበላሸዋል። የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት ኤድ ኮል ይህን ቀድሞ አይቶ ነበር። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የኩባንያው ሞተሮች እርሳስ በሌለው ወይም ባነሰው ቤንዚን እንዲሠሩ አስወሰነ። እርሳሱን ቤንዚን ውስጥ ያስገባው ኩባንያ ራሱ ለማስወጣት መንገድ ከፈተ ማለት ነው። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም የመጨመቁ መጠን፣ ወረደ፣ ጉልበቱም አብሮ ወረደ።

በ1972 ሌላ ነገር ተጨመረ። ከዚያ በፊት ሞተር የሚለካው ለብቻው ወጥቶ ነበር። የአየር ማጣሪያ የለ፣ ጄኔሬተር የለ፣ የመኪናው ማርሚታ የለ። አሁን ሁሉም ነገር ተገጥሞለት ይለካ ተባለ። የሸቭሮሌ ስፖርት መኪና የኮርቬት ኤልቲ-1 ሞተር በ1970 370 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ1971 330 ሆነ። በ1972 255 ተባለ። የመጀመሪያው ቅናሽ እውነተኛ ነው። ሁለተኛው የመለኪያ ለውጥ ነው፣ ሞተሩ ያው ነው። ገዢው ግን ቁጥሩን ያያል እንጂ የላቦራቶሪ ጣጣ ምን አገባው?

አሁን ወደ ዓመቶቹ እንመለስ። የክራይስለር ዝነኛው 426 ሄሚ ሞተር ለመጨረሻ ጊዜ መኪና ላይ የተገጠመው በ1971 ነው። በዚያ ዓመት ሄሚ የገባላቸው ባለ ተከፋች ጣሪያ ፕሊመዝ ኩዳዎች 11 ብቻ ነበሩ። ሰው አልፈለጋቸውም። (በ2014 አንዱ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፣ ያ ሌላ ወሬ ነው።) 97 ሺህ ገደማ ይሸጥ የነበረው ጂቲኦ በ1973 ሞዴሉ 5 ሺህ እንኳ አልሞላም። ፎርድም ከትንሿ መኪናው ከፒንቶ አካል የወሰደውን፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ጭራሽ የሌለውን ትንሹን ሙስታንግ 2 ለ1974 አዘጋጅቶ ጨርሷል። የዓረቦቹ ማዕቀብ የተጣለው ጥቅምት 1973 ላይ ነው። ሬሳው ከተገነዘ በኋላ የደረሰ ሰው በግድያ አይከሰስም።

ነዳጁ ምንም አላደረገም ማለቴ ግን አይደለም። ማደያዎች ላይ ሰልፉ ተጠማዘዘ። በጥር 1974 የመላ አገሪቱ የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 55 ማይል እንዲሆን ተፈረመ። ሙስታንግ 2 በመጀመሪያው ዓመት ወደ 386 ሺህ የሚጠጋ ተሸጠ። የፕሊመዝ ባራኩዳና የዶጅ ቻሌንጀር ያን ዓመት ጸደይ ላይ ተቋረጡ። ያው የነዳጅ ንረት እኛም ጋ መጥቶ ነበር፤ የካቲት 1966 በእኛ አቆጣጠር። ቤንዚን በ50 በመቶ ጨመረና የአዲስ አበባ ታክሲዎች አድማ መቱ፣ መምህራኑ፣ ተማሪው፣ ወታደሩም ተነሳ። መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም ነገሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። አሜሪካኖቹ ሰልፍ ሲይዙ እኛ ጋ ዙፋን ተነቃነቀ። ያንን ላየ ሰው የጂቲኦ ለቅሶ ትንሽ ቅንጦት ይመስላል።

ሁለተኛው ተከሳሽ መንግሥት ነው። «የአካባቢ ጥበቃ ሕጉ ገደላቸው» የሚሉት ከነዳጁ ወገን የተሻለ ማስረጃ አላቸው። ሕጉ ግን ትክክል ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከ1976 እስከ 1980 ባለው ጊዜ ብቻ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ ያለው አማካይ የእርሳስ መጠን በ37 በመቶ ወርዷል። ለዚህ የጥቂት መቶ ፈረሶች ጉልበት ቢከፈል እኔ አልከራከርም።

ደግሞስ ንጽሕናና ጉልበት አብረው አይሄዱም ያለው ማነው? የዲትሮይት ፋብሪካዎች ጊዜ ይጨመርልን ብለው ሙግት ገቡና በሚያዝያ 1973 የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አገኙ። በዚያው ዘመን ሆንዳ፣ ያኔ በሞተር ሳይክል የሚታወቀው፣ ሲቪሲሲ የሚባል ሞተር ሠርቶ ያለ ኮንቨርተር የ1975ቱን መስፈርት አለፈ። ለትንሽ ሞተር እንጂ ለትልቅ አይሆንም ተባለ። ሆንዳ አንድ ሸቭሮሌ ኢምፓላ ጃፓን ወስዶ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ሞተር በራሱ ዘዴ ቀይሮ፣ መልሶ አሜሪካ አምጥቶ አስፈተሸው። አለፈ። ይሄ ነው እንግዲህ ያንገበገበኝ። ፍሬን ከማሻሻል ቁጥር መቀነስ የመረጠው ሰው፣ ሞተር ከማሻሻልም ጠበቃ መቅጠር መረጠ። ቀላሉን መንገድ ይዘው ሞተሩን በቱቦና በፓምፕ አነቁት። በ1975 የኮርቬት መነሻ ሞተር 165 የፈረስ ጉልበት ቀረው።

ገዢውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በ1964 18 ዓመት የነበረው ልጅ በ1972 ሚስትና ልጅ አለው። ለስላሳ ወንበር ይፈልጋል። በ1976 አሜሪካ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተሸጠው መኪና ኦልድስሞቢል ካትላስ ነው፣ የተዝናና ሰው መኪና። የፖንቲያክ ትራንስ አም ደግሞ ሽያጩ ጣሪያ የነካው ጉልበቱ ከደከመ በኋላ፣ በ1979፣ ነው። ከ117 ሺህ በላይ ተሸጠ። ብዙዎቹ 185 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ኮፈናቸው ላይ ደግሞ ክንፉን የዘረጋ ግዙፍ ወፍ ነበራቸው። ሰው ወፉን ገዛ።

በ1987 ቢዩክ ግራንድ ናሽናል ባለ ስድስት ሲሊንደር 3.8 ሊትር ሞተሩ ላይ ቱርቦና ኮምፒውተር ገጥሞ፣ ኮንቨርተሩንም ይዞ፣ 245 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ሰው እንደ ተአምር አየው። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ እሺ። ቱርቦው ግን አዲስ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ ቱርቦ ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ ኦልድስሞቢል ጄትፋየርንና ሸቭሮሌ ኮርቬርን፣ ገበያ ላይ ያወጣው በ1962 ነበር። ጂቲኦ ሳይወለድ ማለት ነው። ትልቅ ሞተር መጎለት ስለረከሰ ዘዴውን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።