ሁለት ደቂቃን በሁለት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ከአብርሃም ሊንከን ጋር አዳራሽ ተዘግቶብኝ ነበር። የዘጋው ሊንከን አይደለም፤ ሟቹ ምን አደረገ። የበላይ ኃላፊያችን ናቸው፣ «እኔና የማደንቃቸው መሪዎች» የሚል ርዕስ ሰጥተው፣ በር ላይ ስም እያስመዘገቡ። እንዲህ ያለው ነገር ላይ እናንተም ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ፤ አትደብቁኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለት ሰው በሥሩ ያለው ሁሉ አንድ የሞተ ታላቅ ሰው ሳያነሣ ስብሰባ መክፈት አቁሟል።

እኔ ግን የመጣሁት ላማርር አይደለም። ላመሰግን ነው። ያለፉ መሪዎችን ማድነቅ እንዴት ያለ ግሩም ልማድ መሰላችሁ! የቆመን ሰው ማድነቅ አደጋ አለው፤ ነገ ይሳሳታል፣ ይሸነፋል፣ ወይ ደግሞ ደውሎ ውለታ ይጠይቃል። ሙት ግን ጨዋ ነው። «እኔን የት ትመስለኛለህ?» ብሎ ከመቃብር አይነሣም። ደግሞስ ወጪው! ሰውየው 27 ዓመት ይታሰራል፣ አንተ ፎቶውን ትለጥፋለህ፤ ከዚያ ሁለታችሁም ጽኑ ትባላላችሁ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የተረተው ሰው ስላይድ የሚባል ነገር ሳያይ ነው የሞተው።

የመጀመሪያው ስላይድ ባርኔጣ ነበር። ሊንከን የለም፤ ባርኔጣው ብቻ። ያ ረጅሙ፣ ጥቁሩ። ኃላፊያችን የጠቋሚያቸውን ቀይ ነጥብ ባርኔጣው ጫፍ ላይ አሳርፈው «ይህ ምን ያስተምረናል?» አሉ። ዝም አልን። «ከፍ ብሎ መታየትን» ብለው ራሳቸው መለሱ። ሊንከን ባርኔጣ ሳይደፋ እንኳ 193 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ስለነበር ከፍ ብሎ ለመታየት የማንም እርዳታ አላስፈለገውም፤ ግን ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል? የፊተኛው ረድፍ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። አንዱማ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ባርኔጣው ዘጠኝ ደቂቃ ወሰደ።

ከባርኔጣው ወደ ጌቲስበርግ ተሻገርን። ታሪኩ በእውነቱ ድንቅ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 1863 ለሦስት ቀን በተደረገ ውጊያ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ያለቁበት ቦታ ነው። ኖቬምበር 19 ላይ የመቃብር ሥፍራው ሲመረቅ የዕለቱ ዋና ተናጋሪ ሊንከን አልነበረም። ኤድዋርድ ኤቨረት የሚባል በዘመኑ አንደበቱ የተመሰከረለት ሰው ነበር፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ከዚያ ሊንከን ተነሣ፣ 270 ገደማ ቃላት በሁለት ደቂቃ ገደማ ተናገረ፣ ተቀመጠ። ኤቨረት በማግሥቱ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አንተ በሁለት ደቂቃ ወደ ነካኸው ፍሬ ነገር እኔ በሁለት ሰዓት ቀረብ ብዬ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር የሚል።

ኃላፊያችን ይህን ክፍል «የአጭር ንግግር ኃይል» አሉት። 23 ስላይድ ነበረው።

በሦስተኛው ስላይድ ላይ አጭር ንግግር ለምን አጭር እንደሚሆን በሰባት ነጥብ አብራሩ። በስድስተኛው ላይ ሰባቱን ነጥቦች በሦስት ምድብ ከፈሏቸው። አርባኛው ደቂቃ ላይ «ባጭሩ» አሉ፤ አዳራሹ ተስፋ አደረገ። አንድ ሰዓት ላይ «ለማጠቃለል ያህል» አሉ፤ ኋላ የተቀመጡት ቦርሳቸውን አነሡ። የመጣው ግን «ማጠቃለያ፣ ክፍል አንድ» ነበር፤ ቦርሳዎቹ ወደ መሬት ተመለሱ። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እኝህ ሰው የሚያደንቁት ኤቨረትን ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። እኔም ሥራ ፈት ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። በቆየንበት ጊዜ ሊንከን ያንን ንግግር 67 ጊዜ አድርጎ፣ ለመተንፈሻ አንድ ደቂቃ ይተርፈው ነበር።

ቀጥሎ የደብዳቤው ታሪክ መጣ፤ የተቆጣ መሪ እንዴት እንደሚታገስ። ሊንከን ከጌቲስበርግ ድል በኋላ የጠላት ጦር ሲያመልጥ ጄኔራል ሚድ ስላላሳደደው ተናደደ። ቁጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ አወረደው። ደብዳቤው ግን አልተላከም፤ አልተፈረመበትምም። ፖስታው ላይ ይህንኑ ጽፎበት ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። ኃላፊያችን ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ሰለለ። «አያችሁ? ቁጣ ይጻፋል፤ አይላክም» አሉ። ልቤ በእውነት ተነካ።

ያንኑ ዕለት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሥራ ቡድናችን የስልክ መልእክት መቀበያ ጮኸ። «አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ስታዛጉ አይቻለሁ። ዝርዝሩ ተይዟል።» ከሥሩ የአድናቆት ምልክት ያኖሩ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ ሲያዛጉ እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ።

ሌላም የሊንከን ደብዳቤ አለ፤ ይችኛዋ ተልካለች። ጄኔራል ግራንት የቪክስበርግን ከተማ ከያዘ በኋላ፣ ጁላይ 13 ቀን 1863 የተጻፈች። ፕሬዚዳንቱ ለበታቹ መኮንን እንዲህ አለው፦ በዘመቻው አካሄድ ላይ እኔ ሌላ ነገር አስቤ ነበር፤ ልክ የነበርከው አንተ ነህ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቺ ደብዳቤ ስላይድ ላይ አልወጣችም። ቦታ ጠቦ ይሆናል፤ ባርኔጣው ትልቅ ነበር።

በ1860 ለፓርቲው ዕጩነት የተፎካከሩትን ሴዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን ወደ ካቢኔው ማስገባቱ ግን በሰፊው ተነሥቷል። «ተቃዋሚህን አጠገብህ አስቀምጥ!» ተባለ፤ ተጨበጨበ። የእኛን መሥሪያ ቤት ዕቅድ ባለፈው ዓመት የተቃወመው ሰው አሁን የት እንደተቀመጠ ማየት የሚፈልግ ምድር ቤት ይውረድ፤ መዝገብ ቤቱ በስተግራ ነው።

የመዝጊያው ስላይድ ጥቅስ ነበር። «ዛፍ ለመቁረጥ ስድስት ሰዓት ብትሰጡኝ፣ አራቱን መጥረቢያዬን ስስል አሳልፋለሁ። አብርሃም ሊንከን።» ሊንከን ይህን ስለማለቱ ማስረጃ የለም። ወጣ ስንል ይህንኑ ለአሰናጁ በትሕትና ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ባይለውም ይለው ነበር» አለኝ። እጅ ነሳሁ! ጥቅስ ፈብራኪዎች ባይኖሩ ታሪክ ምን ይውጠው ነበር? ጋንዲ «ማየት የምትፈልገውን ለውጥ ሁን» የሚለውን አባባል በዚያ መልኩ ስለመናገሩ በጽሑፎቹ ውስጥ አይገኝም፤ ሆኖም ይህን ያህል የተጠቀሰለት ቃል ያለው አይመስለኝም። በ60 ዓመቱ በ1930 ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ሄዶ ከባሕር ዳር ጨው አነሣ፤ ያ ግን ለመለጠፍ አይመችም። መሄድ አለበት።

ሌሎቹንም አድናቂዎች ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ናፖሊዮን ጥቂት ነው የሚተኛው ሲባል ሰምቶ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ መነሣቱን ለዓለም የሚያበሥረውን ታውቁታላችሁ። በ1812 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጦር ወደ ሩሲያ አስገብቶ ጥቂቱ ብቻ እንደተመለሰ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የተረፉትን በበረዶው ውስጥ ትቶ ቀድሞ ወደ ፓሪስ እንደሄደ ማን ያነሣበታል? ምናልባት እንቅልፍ ቢጠግብ ኖሮ። የማርቆስ አውሬልዮስ አድናቂ ደግሞ አለ። ሮማዊው ንጉሥ ማስታወሻውን በግሪክኛ የጻፈው ለራሱ ነበር፤ የእኛው «ለራሴ የጻፍኩት» ብሎ ይጀምርና ለአራት ሺህ ተከታይ ይልከዋል። ማርቆስ ሥልጣኑን ለልጁ ለኮሞደስ ማውረሱን አድናቂዎቹ ሲጠቅሱት አልሰማሁም። ጥቅስ ሳያስፈልጋቸው በተግባር ይዘውት ይሆናል።

የምኒልክ አድናቂም ፈረስና ጋሻ ይወዳል፤ ግድግዳው ሁሉ ጦርነት ነው። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ምሽግ በጥይት ብቻ አልተፈታም፤ የውኃ ምንጩ ተይዞበት ነው፤ ሐሳቡን ያመነጩትም እቴጌ ጣይቱ እንደነበሩ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የሚስትን ምክር መስማት! ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት አመራር አለ? ግን የሚሰማ ሰው እንዴት ተብሎ ይሳላል? ጆሮ ለሠዓሊ አይመችም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ፤ አንድ ነገር ዘልያለሁና። ጥያቄና መልሱ በሰዓት እጥረት ምክንያት ተሰርዟል ከተባለ በኋላ አንዲት ባልደረባችን ሳይፈቀድላት ተነሣች። የሦስት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዳልተከፈለ፣ መቼ እንደሚከፈል ብቻ ጠየቀች። ኃላፊያችን ፈገግ አሉ። «ማንዴላ 27 ዓመት ታግሷል። እናንተ ሦስት ወር?» ከፊተኛው ረድፍ ጭብጨባ ተሰማ።

እዚህ ጋ መሳቅ አልችልም። ማንዴላ ለአለቃው ታግሦ አይደለም የታሰረው፤ አልታገሥም ብሎ ነው። ከ27ቱ ዓመት 18ቱን በሮበን ደሴት አሳለፈ፤ የኖራ ድንጋይ ሲፈልጥ ዓይኑ ተጎዳ። በአውሮፓውያኑ 1985 መንግሥት በቅድመ ሁኔታ ልፍታህ ሲለው እምቢ አለ፤ መልሱን ልጁ ዚንድዚ በሶዌቶ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት አነበበችው። ይህ ነው እንግዲህ «ትዕግሥት» ተብሎ ለደመወዝ ጠያቂ የሚመነዘረው! አንድ ሰው በገዛ ነፍሱ የከፈለውን አንሥቶ የሌላ ሰው ዕዳ ማስረሻ ማድረግ አድናቆት አይደለም። ስርቆት ነው። የሰረቁት ከሟችም ከሠራተኛዋም ነው፤ ደግሞ አስጨብጭበው። ሴትየዋ ተቀመጠች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም አልተነሣሁም፤ ይህን የምጽፈው ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ይሁን። ምስጋናዬን ልቀጥል።

በነገራችን ላይ ኃላፊያችን አሜሪካዊውን ጄኔራል አይዘንሃወርንም ያደንቃሉ። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ጦሩን ከማሳረፉ በፊት፣ ምናልባት ካልተሳካ ብሎ አጭር ማስታወሻ በእጁ ጽፎ ኪሱ ከትቶ ነበር። ወታደሮቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ጥፋት ካለ የእኔ ብቻ ነው ትላለች። ዘመቻው ተሳካና ወረቀቷ ሳትነበብ ቀረች። ይህን አርቆ አሳቢነት የእኛዎቹም ወርሰዋል። ሥራው ሳይጀመር ለውድቀቱ ወረቀት ያዘጋጃሉ። ልዩነቱ ወረቀቷ ላይ የሚሰፍረው ስም ነው። እኔ አንዴ የራሴን አግኝቼበታለሁ፤ ፊደሉ ሳይሳሳት፣ ከነአያቴ።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሁላችንም የምስክር ወረቀት ተሰጠን። ከላይ የመጥረቢያው ጥቅስ፣ ከሥሩ የኃላፊያችን ፊርማ፣ መሐል ላይ ባርኔጣው። የፊተኛው ረድፍ በማግሥቱ መስታወት አስገብቶ ሰቀለው። የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ለክፉ ቀን።

ትናንት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ እንደገና ጮኸ። የቀጣዩ ወር መርሐ ግብር ነው። ርዕሱ «ሥልጣንን በፈቃድ መልቀቅ፦ ከጆርጅ ዋሽንግተን ምን እንማራለን?» ይላል። ሰውየው በ1783 የጦር አዛዥነቱን አስረክቦ ወደ እርሻው መመለሱ፣ በኋላም ከሁለት የሥልጣን ዘመን በላይ አልፈልግም ማለቱ በ31 ስላይድ ይቀርባል። አቅራቢው የቦርዳችን ሰብሳቢ ናቸው፤ በወንበሩ ላይ 17ኛ ዓመታቸው ነው። መገኘት ግዴታ ነው። ጥያቄና መልስ በሰዓት እጥረት ምክንያት ከወዲሁ ተሰርዟል።