100 እና 100 ተያይዘው 50 ሲሆኑ

ነገሩ የጀመረው ሜትሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በመስደብ ነው። አንዱ ወዳጃችን 30 ቮልት ለሚያወጣ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ፈለገ፤ አቅሙ (ካፓሲታንሱ) 100 ማይክሮፋራድ የሆነ። እጁ ላይ ያሉት ግን 25 ቮልት ብቻ የሚችሉ ናቸው። ሁለቱን በሲሪስ (አንዱን ከሌላው አስከትሎ) አያይዞ ለካ። 50 ወጣ።

"ይሄ ሜትር አብዷል!" አለ። "100 እና 100 ሰጥቼው 50 ይለኛል።"

ጥገና የሚሠራው ሳቀበት። "ከረንት የሚገድበው ሬዚስተር መሰለህ እንዴ? ካፓሲተር ግልባጩ ነው። በፓራለል (ጎን ለጎን) ይደመራል፣ በሲሪስ ይቀንሳል። ሸምድደውና እንለፍ።"

"አልሸመድድም። ለምን?"

ፊዚክስ የሚያስተምረው ይህን ሲጠብቅ ነበር። "በፓራለል ስታያይዝ ፕሌቱን፣ ቻርጁ የሚያርፍበትን ብረት፣ አሰፋኸው ማለት ነው። ቮልቴጁ አንድ፣ ቻርጁ እጥፍ። በሲሪስ ግን መሃል ያሉት ሁለት ፕሌቶች ከምንጩ ጋር አይገናኙም። ከአንዱ የሸሸው ቻርጅ ሌላው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለቱም የሚይዙት ቻርጅ እኩል ነው፤ የሚደመረው ቮልቴጁ ነው። ካፓሲታንስ ደግሞ ቻርጅ ለቮልቴጅ ሲካፈል ነው። ቻርጁ ሳይጨምር ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ግማሽ ትሆናለህ። 10 እና 40 ብታያይዝ ደግሞ 8 ነው፤ ከትንሹም ያነሰ።"

"ታዲያ የጎደለው የት ገባ?"

"የትም። ለየብቻ በ25 ቮልት ብትሞላቸው የሚያጠራቅሙት ኢነርጂ ድምር 0.0625 ጁል ነው። በሲሪስ በ50 ቮልት ብትሞላቸውም ያው 0.0625። አቅም ከፍለህ ቮልት ገዛህ።"

ይሄኔ ጥገና ሠሪው ሳቁን ተወ። "የትኛው 50 ቮልት? ያ ወረቀት ላይ ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፉ የተለየው ዓይነት) 20 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። አንዱ 80፣ ሌላው 120 ቢሆን 50 ቮልቱን እኩል አይካፈሉም። 80ው 30 ቮልት ይሸከማል። የሚችለው 25! ቀድሞ የሚፈነዳው ትንሹ ነው።"

"እዚህ 30 ቮልት ብቻ ነው ያለው" አለ አስተማሪው። "80ው 18 ቢደርሰው ነው።"

"ሲሞላ ነው እሱ። ሲውል ሲያድር ሊኬጁ፣ በውስጡ የሚያሾልከው ጥቂት ከረንት፣ ነው የሚያካፍለው። ትንሽ የሚያሾልከው ብዙውን ቮልት ይወስዳል።"

እኔ ለጥገና ሠሪው እፈርዳለሁ፤ "ሸምድደው" ያለውን ሳይጨምር። የአስተማሪው ሒሳብ አልተሳሳተም፣ ግን ሊኬጅ የሌላቸውን ፍጹም ካፓሲተሮች ይዞ ነው የሚያወራው። በዲሲ (አቅጣጫውን በማይቀይር ከረንት) ላይ በሲሪስ የሚያያይዝ ሰው በእያንዳንዱ ካፓሲተር ጎን አንድ አንድ እኩል ሬዚስተር በፓራለል ያድርግ። ሬዚስተሩ ከሊኬጁ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከረንት ካሳለፈ፣ ቮልቴጁን የሚያካፍለው እሱ ይሆናል። የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር መገናኘቱንም ያረጋግጥ።

ሜትሩን የሰደበው ወዳጃችን ግን በ50 ማይክሮፋራድ ቢረካ ሪፕሉ (ቮልቴጁ ላይ የሚቀረው መዋዠቅ) እጥፍ ገደማ ይሆንበታል። 100 የግድ ከሆነ አራት ካፓሲተር ያስፈልገዋል፦ ሁለት ሁለቱን በሲሪስ፣ ከዚያ ጥንዶቹን በፓራለል። ባለ 35 ወይም ባለ 50 ቮልት አንድ ካፓሲተር ካገኘ ግን ይህን ሁሉ ትቶ እሱን ይበይድ።