ተወላጅ ያልሆነ አይጫወትም

«የየት አካባቢ ተወላጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ እኛ ሀገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራ ስታመለክት፣ መሬት ስትጠይቅ፣ መታወቂያ ስታወጣ። ኳስ ሜዳ ላይ ግን ጎል አግባ እንጂ የት ተወለድክ የሚልህ የለም። እኔ በምኖርበት በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወረቀትህን አይቶ ይቀጥርሃል። የክሪኬት ቡድኑ ግን እናትህ የት እንደወለደችህ ሳያጣራ ማልያ አያለብስህም ነበር።

ስለ ጨዋታው ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ካውንቲ የሚባሉ፣ የእኛን የድሮ አውራጃ የሚመስሉ ግዛቶች አሉ። የእነሱን ስም የያዙ 18 ቡድኖች በየዓመቱ ለካውንቲ ሻምፒዮንሺፕ ይወዳደራሉ። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ባት በሚባል የእንጨት መምቻ ይመታል፣ የመታው ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ነጥብ ይሰበስባል። አንድ ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል። በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 5 ሰዓት ይጀመራል። ለምሳ 40 ደቂቃ ይቋረጣል፣ ለሻይ ደግሞ 20 ደቂቃ። ዝናብ ከጣለ ሁሉም ይገባል። ይሄ ሁሉ ሆኖ አራተኛው ቀን ሲመሽ ብዙ ጊዜ አቻ ነው። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ ይህን ሳስረዳው «አራት ቀን ተቀምጠው፣ እየበሉ እየጠጡ፣ አሸናፊ የለም? ይሄማ ለቅሶ ነው» አለኝ።

የዮርክሻየር ሜዳ ሄዲንግሊ ይባላል፣ ሊድስ ውስጥ ነው። በሥራ ቀን ከሄድክ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። ያሉት አዛውንቶች ናቸው። ሻያቸውን በፔርሙስ፣ ሳንድዊቻቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ጉልበታቸው ላይ ረጅም ደብተር ዘርግተው እያንዳንዷን ውርወራ ይመዘግቡ ነበር። ነጥብ ያልተገኘባት ውርወራ አንድ ጠብታ ቀለም ታገኛለች። ለእያንዳንዱ ወርዋሪ የተለያየ ቀለም እርሳስ አላቸው። ትልቁ ሰሌዳ ሁሉን እያሳየ ለምን እንደሚደክሙ ብጠይቃቸው «እሱ ቢሳሳትስ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

እኚህ ሰው ተመልካች ብቻ አይደሉም። ክለቡ የአባላቱ ነው፤ ዓመታዊ መዋጮ የከፈለ ድምፅ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2024 ክለቡ በገንዘብ ሲጨነቅ የቀድሞው ሊቀመንበር ኮሊን ግሬቭስ በብድር ገንዘብ ይዘው ሊመለሱ ጠየቁ። ጉዳዩ የተወሰነው በአባላት ድምፅ ነው። እኔ በዚህ እቀናለሁ። የእኛ አብዛኞቹ የክልል ክለቦች የከተማ አስተዳደር በጀት ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ ከንቲባ ሲቀየር አሠልጣኙም ሻንጣውን ማየት ይጀምራል። ደጋፊው ከበሮ ይመታል እንጂ የሚመርጠው ነገር የለም።

የማልቀናበት ግን ያ የተወላጅነት ነገር ነው። ክለቡ የተመሠረተው በ1863 ነው። ዋንጫ በመብላት የሚደርስበት የለም፤ የካውንቲ ሻምፒዮንሺፕን 33 ጊዜ ወስዷል፣ አንዱን በጋራ። በዚህ ሁሉ ዘመን ኩራቱ «በእኛ አፈር ላይ በተወለዱ ልጆች ብቻ አሸነፍን» የሚል ነበር። የተጻፈ ሕግ እንኳ አልነበረም፤ ልማድ ነው፣ ግን ከሕግ ይጠነክራል። ሚስቱ ስታረግዝ መውለጃዋ እንዳያልፍ ብሎ መኪናውን ወደ ዮርክሻየር ስለሚያስፈተልክ አባት የሚወራው ቀልድ እስከ ዛሬ አለ። ልጁ ወንድ ከሆነ ምን ይታወቃል!

የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው። ከዚህ ልማድ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳው ሎርድ ሆክ ከ1883 እስከ 1910 ቡድኑን በአምበልነት መርተዋል። የተወለዱት ሊንከንሻየር ነው፣ ጎረቤት ግዛት። በር ጠባቂው ራሱ በመስኮት የገባ ነው። እንዲህ ዓይነቱን እኛም እናውቀዋለን። ስለ ተወላጅነት አብዝቶ የሚጮኸውን ሰው ዘር ትንሽ ብትቆፍር የሆነ ወንዝ ተሻግሮ ታገኘዋለህ።

ልማዱ ዋጋ አስከፍሏል። በ1968 የእንግሊዝ ካውንቲዎች የውጭ ተጫዋች በቀላሉ እንዲያስፈርሙ ተፈቀደላቸው። ኖቲንግሃምሻየር የባርባዶሱን ጋሪ ሶበርስ አመጣ። ላንካሻየር፣ የዮርክሻየር ደመኛ፣ የጉያናውን ክላይቭ ሎይድ ወሰደ። ዮርክሻየር ግን በያዘው ጸና። በዚያው በ1968 የሻምፒዮንሺፑን ዋንጫ በላ፤ ከዚያ እስከ 2001 ደግሞ አልቀመሰውም። ሠላሳ ሦስት ዓመት! በመሀል ጄፍሪ ቦይኮትን የመሰለ መቺ ነበረው። በ1977 መቶኛ ሴንቸሪውን፣ ማለትም በአንድ ምት ተራ መቶና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘበትን መቶኛ ጊዜ፣ እዚያው ሄዲንግሊ ላይ ለእንግሊዝ ሲጫወት አስመዝግቧል። ግን አንድ ሰው ቡድን አይሆንም። ክለቡ በቦይኮት ጉዳይ ለሁለት ተከፍሎ ለዓመታት ሲናቆር ኖረ። አባላት ድምፅ አላቸው ብያለሁ፤ ድምፅ ያለው ሰው መጣላትም ይችላል።

በሩ የተከፈተው በ1992 ነው። መጀመሪያ የታሰበው አንድ አውስትራሊያዊ ወርዋሪ ነበር፤ ጉዳት አገኘውና ቀረ። በምትኩ የ19 ዓመት ሕንዳዊ መጣ። ሳቺን ቴንዱልካር ይባላል። በኋላ ብሔራዊ ቡድኖች በሚገጥሙበት የክሪኬት ታሪክ ከማንም በላይ ነጥብ የሰበሰበ ሰው ሆነ፤ ያኔ ግን ገና ልጅ ነው። የዮርክሻየር ሽማግሌዎች የሚያደርጉትን ጠፍጣፋ ኮፍያ አድርጎ፣ በእጁ ትልቅ የቢራ ብርጭቆ ይዞ የተነሳው ፎቶ እዚህ የማያውቀው የለም። ፈረንጅ እንግዳ ሲቀበል እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እኔን ምሰል ይልሃል። ከዚያ በኋላ የመጣው የ2001 ዋንጫ ላይም አውስትራሊያዊው ዳረን ሌማን ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሽማግሌዎቹ ዋንጫውን አንፈልግም ሲሉ አልተሰማም።

ሕንዳዊ ኮከብ ከውጭ ማስመጣት አንድ ነገር ነው። እዚያው ሰፈር ያደገውን የስደተኛ ልጅ እንደ ራስ ልጅ መቁጠር ሌላ ነገር ነው። ብራድፎርድ ከሊድስ አጠገብ ነች፤ የፓኪስታን ዝርያ ያላቸው ሰዎች በብዛት ይኖሩባታል፤ በየሜዳው ክሪኬት ይጫወታሉ። ከእነሱ መሀል ወደ ዋናው ቡድን የገቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ካራቺ ተወልዶ ባርንስሊ ያደገው አዚም ራፊቅ ገባ፣ እንዲያውም አንድ ሰሞን ቡድኑን በአምበልነት መርቷል። በኅዳር 2021 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በክለቡ ውስጥ የደረሰበትን ዘረኝነት እያለቀሰ ተናገረ። በዚሁ ጉዳይ የተነሳ ሊቀመንበሩ ለቀቁ፣ ስፖንሰሮች ሸሹ፣ በርካታ ሠራተኞች ተሰናበቱ። በ2023 ክለቡ 400 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ፣ አብዛኛው በገደብ። ከነጥቡም 48 ተቀነሰበት። በነገራችን ላይ ራፊቅም ድሮ በጻፈው የአይሁድ ጥላቻ ባለበት መልእክት በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ማንም ንጹሕ ሆኖ የወጣ የለም።

እዚህ ላይ ነው የእኛን ኳስ የማስበው። ጅማ አባ ጅፋር በንጉሥ ስም የተሰየመ ክለብ ነው፤ ከዚህ በላይ አካባቢያዊ ስም የለም። በ2010 ዓ.ም. ባደገ በዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲበላ ጎሎቹን በብዛት ያገባለት ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነው። ጅማ ውስጥ ማንም «ተወላጅ አይደለም» አላለም፤ ጨፈረ እንጂ። ሐዋሳም፣ ጎንደርም፣ መቀሌም ብትሄድ ቡድኑ ውስጥ የአርባ ምንጭ ልጅ፣ የድሬ ልጅ፣ የጋና ልጅ ተደባልቆ ታያለህ። ዮርክሻየር ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀበትን ነገር እኛ ሳናስበው ነው የያዝነው። ያበላሸነው በሌላ በኩል ነው። ሜዳ ውስጥ ያሉት ተደባልቀው እየተጫወቱ ትሪቡኑ ላይ ያለነው በብሔር ተቧደንን። የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች አንዱ ወደ ሌላው ሜዳ መሄድ አቅቷቸው ገለልተኛ ቦታ የተጫወቱበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ስለሚካሄድ ብዙ ደጋፊ የከተማውን ቡድን በቴሌቪዥን ነው የሚያየው።

ዮርክሻየር በ2024 ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን ተመልሷል። በ2025 ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሄዲንግሊን ሜዳው ያደረገው፣ ዘ ሀንድሬድ በሚባለው አጭር ውድድር የሚጫወተው ቡድን ሙሉ በሙሉ ተሸጠ። ገዢው ሰን ግሩፕ የተባለ የሕንድ ኩባንያ ነው፤ ዋጋው ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ። ክለቡ ከዚያ ገንዘብ ዕዳውን ያቃልላል። በ1992 አንድ ሕንዳዊ ልጅ ይግባ አይግባ ተብሎ የተከራከሩበት ግቢ ውስጥ አሁን ሕንዳውያን የቡድን ባለቤት ሆኑ። ባለቀለም እርሳሱን ሽማግሌ ይህን አንስቼባቸው ነበር። «ቢያንስ እነሱ ክሪኬት ይወዳሉ» አሉኝ።

አሁን የት ተወለድክ የሚል የለም። ጥያቄው የት ተማርክ ሆኗል። የግል ትምህርት ቤት የሚማረው የእንግሊዝ ልጅ ከመቶ ሰባት ገደማ ነው፤ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች ግን ከግማሽ የማያንሱት ከዚያ የመጡ ናቸው። ክሪኬት ሰፊ ሜዳ፣ ጓንት፣ የእግር መከላከያ፣ የራስ ቁር፣ ቅዳሜና እሑድ መኪና የሚነዳ ወላጅ ይፈልጋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ወላጅ ቅዳሜን ከየት ያመጣል? የእኅቴ ልጅ የተወለደው ሊድስ ነው፤ ስለዚህ በድሮውም ልማድ ቢሆን ያልፋል። ትምህርት ቤቱ ግን የክሪኬት ሜዳ የለውም። ልጁም የሚያውቀው ኳስ ነው፣ አርሰናል ነኝ ይላል።