እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው

ዛሬ ሳናመሰግናቸው የከረምናቸውን ሰዎች እናመስግን። ስልክና ኮምፒውተራችንን እንደ ልባችን የምናስጌጥበትን ሶፍትዌር ሠርታችሁ፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን ትንፍሽ ሳትሉ የምትለቁልን ጀግኖች፣ እናንተን ማለቴ ነው። እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው። መቼም ማብራሪያ በመጻፍ የደከመ እጅ አይደለም።

ድሮ እንዲህ ያለ ጨዋነት አልነበረም። ዩኒክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሠሩት ሰዎች ገና በ1971 እ.ኤ.አ. የመመሪያ መጽሐፍ አዘጋጅተው፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ዘረዘሩ። ይህም አልበቃቸው ብሎ «ባግስ» (ስሕተቶች) የሚል ንዑስ ርእስ ከፍተው የሚበላሽበትን ሳይቀር ጻፉ። የገዛ ገበናቸውን! እናንተ ግን ገበና አታወጡም።

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ማብራሪያ የሰለቸን ሰዎች ነን። ላይ ቤት፣ ታች ቤት እየተባለ በሁለት የትርጓሜ ትምህርት ቤት ተከፍሎ፣ የመጽሐፍ መምህሩ አንዲት ቃል ይዘው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያሉ ሲያብራሩ የኖሩበት አገር ነው። እናንተ ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገላችሁን። ቁልፉ ላይ «አድቫንስድ» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። አንድም ስልኩን ያፈጥናል፣ አንድም የልጅህን የክርስትና ፎቶ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል። ትርጓሜው ለተጠቃሚው ነው።

ቡትሎደር መክፈትን፣ ማለትም ስልኩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም ከቁልፍ ማላቀቅን ውሰዱ። ሲከፈት አብዛኛው ስልክ የያዘውን መረጃ በሙሉ ይጠርጋል። ይህን አስቀድሞ መንገር ምን ያደርጋል? ሰው ቢጠነቀቅ ፒያሳ ያሉት ስልክ ጠጋኞች ምን ሊበሉ ነው? «ፎቶዬን መልሱልኝ» እያለ የሚመጣው ደንበኛ እኮ የእናንተ ስጦታ ነው።

ደግሞ የአክስቴን ልጅ እዩልኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነው። ሬይንሜትር የሚባለውን ጫነ፣ ዊንዶውስ ስክሪን ላይ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ፣ ምናምን የሚያስቀምጥ ነፃ ሶፍትዌር ነው። (ሬይንሜትር ራሱ ጠርቀም ያለ ማብራሪያ አለው፤ ነውሩን እንለፍለት።) የሰዓቱን ስኪን፣ ማለትም መልክና አሠራሩን የሚወስነውን ፋይል ግን ከአንድ የቴሌግራም ቻናል አወረደ። ልጁ ብዙ አልፈለገም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ሁለት እንዲልለት ብቻ ነው፣ ገና ቁርስ ሳይበላ ስምንት እያለ ምሳ አለፈህ እንዳይለው። አብራ የመጣችውን ሪድሚ የምትባል የማብራሪያ ፋይል ከፈታት። ሁለት መስመር ናት። አንደኛዋ «እንደፈለጋችሁ አስተካክሉት፣ ግልጽ ነው» ትላለች። ሁለተኛዋ «ቻናላችንን ሼር አድርጉ»። እንዴት ያለ ቁጥብ ብዕር ነው!

ልጁ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ መጎርጎር ጀመረ። «አፕዴት 1000» የሚል አገኘ። 1000 በዛበትና 100 አደረገው። የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ያዘ። ለካ ቁጥሩ በሺህኛ ሰከንድ ነው የሚቆጠረው፤ 1000 ማለት በየሰከንዱ አንዴ አድስ፣ 100 ማለት በሰከንድ አሥር ጊዜ አድስ ማለት ነው። የሚፈልገው ነገር ሌላ ቦታ ነበር። «ታይምዞን» የሚለው ላይ -3 መጻፍ ብቻ። ሰዓታችን ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ እኛ ደግሞ በራሳችን ስንቆጥር 6 እንቀንሳለን፣ በቃ። አያችሁ፣ በአንድ መስመር ሲጻፍ እንዴት ጣዕም እንደሚያጣ? ልጁ ግን እናንተ ተመስገኑና ዶሮ እስኪጮህ ከፋይሉ ጋር ሲታገል አደረ።

ቪዲዮ የምትሠሩትም አትቅሩብኝ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ ቀጥሎ ሰብስክራይብ፣ ቀጥሎ ደውሏን ተጫኗት፣ ቀጥሎ እንደገና ሰላምታ። ይሁን፣ ሰላምታ ባህላችን ነው። ከዚያ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ማውሱ ይሮጣል፣ ክሊክ ክሊክ ክሊክ፣ «እንዲህ ነው እንግዲህ ቤተሰብ!»። ምስሉ ከመደብዘዙ የተነሣ የተነካው የቱ እንደሆነ ፈጣሪና እናንተ ብቻ ታውቃላችሁ። እሱም ቢሆን የድሮው ቨርዥን ላይ ነው፣ ያ ቁልፍ ዛሬ የለም። የሚጠይቃችሁ ሲመጣ «ኢንቦክስ» ትሉታላችሁ። ኢንቦክስ ሲመጣ «ጎግል አድርገው»። ጎግል ሲያደርግ የሚያገኘው ያንኑ ቪዲዮ ነው።

ይህ ትጋታችሁ ፍሬ አፍርቷል። ልጃችን ሰዓቱን በስንት መከራ አስተካክሎ፣ ላፕቶፑን ይዞ አራዳ አንድ ካፌ ተቀምጧል። ጎኑ ያለው ጓደኛው ስክሪኑን አየና «እንዴ! እንዴት አድርገህ ነው?» አለው።

የአክስቴ ልጅ ማኪያቶውን ፉት አለ።

«ግልጽ ነው ባክህ። ኢንቦክስ አድርግልኝ።»