ሰጥታችሁ ዝም አትበሉ

የጅማ ሰዎች፣ ወገኖቼ! ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ይመርራችሁ ይሆናል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በዓል ሲደርስ እጃችን ይፈታል። ለረመዳንም ለፋሲካም ዱቄትና ባለ አምስት ሊትር ዘይት ገዝተን ለተቸገረ እናካፍላለን። ደግ ሥራ ነው፤ የራበው ሰው ዛሬውኑ መብላት አለበት። አሰጣጣችንን ግን ልብ በሉት። መጀመሪያ ባነር ይሰቀላል። ከዚያ እናትየዋ ተጠርታ ትመጣለች። ጀሪካኑን እሷ በአንድ በኩል፣ ሰጪው በሌላ በኩል ይይዙታል። ሰጪው ቶሎ አይለቅላትም፤ ፎቶው ገና ነዋ። «ወደዚህ እዪ፣ ቀና በይ» ትባላለች። ማታ ፊቷ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ልጇ እዚሁ ሰፈር ነው የሚማረው፤ የክፍል ጓደኞቹም ያዩታል። የገዛ እናታችሁ ብትሆን ትለጥፏት ነበር? ተዉ፣ ይሄን ነገር ተዉ።

ፎቶው ግን ትንሹ ጥፋታችን ነው። ትልቁ፣ ከሰጠን በኋላ ዝም ማለታችን ነው።

ያቺ እናት ሥራ ፈት አይደለችም። ቡና ለቃሚ ናት። ጠዋት መጋዘን ትገባለች፤ ቡናው ፊቷ ይዘረገፋል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን አንድ በአንድ ትለያለች። እንዳቀረቀረች ትውላለች። አቧራው ጉሮሮዋን ሲይዛት በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። የሚከፈላት በለቀመችው ልክ ነው። ቡና ካልገባ ሥራ የለም፤ ከታመመች ገንዘብ የለም። ያ ቡና ግን የጅማን ስም ይዞ ባሕር ይሻገራል።

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ የምትሠራ ሴት ዘይት መግዛት ለምን አቃታት? ይሄን ከመካከላችን ማን ጠየቀ? በርጫ ላይም፣ ቡና ላይም ሁሉን ነገር እናወራለን፤ ይሄን አናወራም። «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» ብለን እናልፋለን። ወገኖቼ፣ የቀን ገቢዋን የወሰነው ሰው ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል የደመወዝ ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ይሄው አዋጅ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት እንደሚቻልም ይናገራል። በአንድ መጋዘን ስንት ለቃሚ ይቀመጣል? ይሄን መብት የነገራቸው ማን ነው? ዘይት ያቀበልናቸው ቀን እንኳ አልነገርናቸውም።

ሂሳዊ ሶሻል ወርክ የሚባለው የሙያ ዘርፍ የሚነሣው ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። የተቸገረውን ሰው አይቶ አይመለስም፤ ያስቸገረውን ነገር ይመረምራል። ደመወዙን፣ ሕጉን፣ ልማዱን፣ ማን ተናግሮ እንደሚሰማና ማን ተናግሮ እንደማይሰማ። የሶሻል ወርክ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጸድቅም ማኅበራዊ ለውጥንና የሰዎችን ነጻ መውጣት የሙያው ሥራ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ማደል ብቻ ሙያውን አይሞላውም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጄን አዳምስ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1889 ከጓደኛዋ ጋር ሆና ቺካጎ ውስጥ በድሆች ሰፈር ሃል ሀውስ የሚባል ቤት ከፈተች። በመጀመሪያው ገና ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ሲታደል ጥቂት ትንንሽ ልጃገረዶች አንቀበልም አሉ። ለካ የሚሠሩት ከረሜላ ፋብሪካ ነው። ለስድስት ሳምንት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 3 ሰዓት ሲሠሩ ከርመው ከረሜላ ማየት አስጠልቷቸዋል። ቤቱን የከፈቱት ሴቶች ሌላ ስጦታ ገዝተው ነገሩን መዝጋት ይችሉ ነበር። አልዘጉትም። በኋላ እዚያው ቤት ትኖር የነበረችው ፍሎረንስ ኬሊ የሰፈሩን ወርክሾፖች እየዞረች አጠናች። እ.ኤ.አ. በ1893 የኢሊኖይ ግዛት ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ፋብሪካ እንዳይሠሩ፣ ሴቶችም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚል ሕግ አወጣ። የሴቶቹን የ8 ሰዓት ገደብ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሻረባቸው። እነሱ ግን ትግሉን አልተዉትም።

ቺካጎ ሩቅ ነው እንዳትሉኝ። ወጥ ቤታችሁ ግቡና እዩ። ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከቀርሳ በደላላ የመጣች ልጅ አለች። ዕድሜዋን ስትጠየቅ ዓይኗ መጀመሪያ ወደ እትዬ ይሄዳል። ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፣ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች። የእናንተ ልጅ የቤት ሥራውን ሲሠራ እሷ ሻይ አቅርባ በዚያው ትንሽ ቆም ትልና ደብተሩን ታያለች። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» ትላላችሁ። እንደ ልጃችሁ ከሆነች ለምን አትማርም? ደመወዟስ ለምን በደላላው እጅ ያልፋል?

ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኛን ግን አዋጁ ከወሰኑ ውጭ አድርጓታል፤ ለግል አገልግሎት የሚቀጠሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶ ነው ያለፈው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ አብሮት የሚኖረውን ሠራተኛ ጤናና ዕረፍት አሠሪው እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይሄን አንብቦ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ መኝታ ያየ ስንቶቻችን ነን?

መጠየቅ የሚያስፈራበት ዘመን ነበር፤ አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገንዘባቸውን ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ምግብ ማደል ይቻላል፤ ስለ መብት መናገር አይቻልም። አሥር ዓመት እንዲህ ቆየን። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሻረ። ልማዱ ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ዛሬም ብዙው በጎ አድራጊ «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» እያለ የዘይቱን ቁጥር ብቻ ይቆጥራል።

አቅም የለንም አትበሉ። እድር አለን። መርካቶም ይሁን ጊንጆ፣ ሰው ሲሞት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ያልመጣ ይቀጣል፤ ሀብታሙም ቅጣቱን ይከፍላል። ለሞተ ሰው እንዲህ የሚታዘዝ ማኅበር በሕይወት ላለችው ልጅ አንድ መስመር ደንብ ማውጣት ያቅተዋል? ከ15 ዓመት በታች ያለች ልጅ በአባል ቤት አትቀጠር። ከዚያ በላይ ያለችው የማታ ትማር፣ ደመወዟን በእጇ ትቀበል፣ በሳምንት አንድ ቀን ትረፍ። ይሄን ለመወሰን የማንም ፈቃድ አያስፈልገንም።

እናንተ ሶሻል ወርክ ያጠናችሁ ወጣቶች፣ ለእናንተም የምለው አለ። ሙያችሁ እዚህ አገር በቀላሉ አልቆመም። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ብሎ የሚያስተምር ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞራችሁ ቅጽ ሞልታችሁ አትጥፉ። ያገኛችሁትን ለመለሰላችሁ ሰው መልሳችሁ ንገሩት። ለቃሚዎቹ ስለ ክፍያቸው ራሳቸው የሚነጋገሩበት ቦታ ፈልጉላቸው፤ ስለ እነሱ በሌሉበት የምታቀርቡት ወረቀት ኑሯቸውን አይነካውም።

የሚቀጥለው የእድር ስብሰባችሁ ወር አይሞላውም። የቤት ሠራተኞችንና የለቃሚዎችን ጉዳይ አጀንዳ አስይዙ። ስትነጋገሩ ሰዎቹን ጥሯቸው፣ እንደ አባል ወንበር ስጧቸው፣ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ፎቶ አያስፈልግም። ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ የተወሰነውን በደንባችሁ ላይ ጻፉ፣ በወሩ ደግሞ ማን እንደፈጸመ፣ ማን እንዳልፈጸመ በስም ጠይቁ።