የእርዳታው ዝርዝር በአደባባይ ይነበብ

ወገኖቼ፣ ድርቅ ወይም ጎርፍ የገበሬውን ማሳ በመታ ቁጥር እህል፣ ዘርና ገንዘብ በስሙ ወጪ ይደረጋል፤ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ ግን አብዛኞቻችን አንጠይቅም። ይህን ዝምታ ጨዋነት አድርገን መቁጠራችንን እናቁም።

የዝምታችን ምንጭ እርዳታን የሹም ችሮታ አድርገን መመልከታችን ነው፤ ሰጪን መመርመር ነውር ይመስለናል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 89 አደጋ ሲደርስ ለተጎጂው በወቅቱ መድረስን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ደንግጓል።

በ1997 ዓ.ም. በተጀመረውና የምግብ እጥረት ላለባቸው አባወራዎች እህል ወይም ገንዘብ በሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አሠራር መሠረት የተጠቃሚዎች ስም ለቀበሌው ሕዝብ ቀርቦ ይተቻል፤ ያለ አግባብ ቀረሁ የሚልም ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። እንግዲህ በደሉ መጋዘን ከመድረሱ በፊት የሚታይበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጎተራው የሞላው የሹም ዘመድ ስሙ ሲነበብ፣ ከብቶቿ ያለቁባት እናት ደግሞ ስትዘለል፣ ሁላችንም እያወቅን አንገታችንን እንደፋለን። ማዳበሪያውም የመሬቱም ጉዳይ ነገ በዚያው ሹም እጅ ስለሆነ መፍራታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለዚህም አንድ ድሃ ብቻውን ተነሥቶ ይናገር አልልም። የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ቄሱና ሼሁ በአንድነት ቢጠይቁ ግን ማንን ነጥሎ መበቀል ይቻላል?

የተረጂን ስም መለጠፍ ድሃውን ማሳፈር ነው የሚሉ አሉ፤ ለወገን ክብር ማሰባቸው መልካም ነው። ነገር ግን የማን ቤት ጭስ እንደማይጨስ መንደሩ ቀድሞ ያውቃል። የሰው ሕመሙና የቤቱ ምሥጢር ተጠብቆ ስሙና የደረሰው መጠን ብቻ ቢለጠፍ የሚያፍረው ሳይገባው የተመዘገበው ነው፤ ተቀብለሃል ተብሎ በስሙ የተፈረመበት ያልተቀበለ ገበሬም መበደሉን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

መሸፋፈን ማንን እንደሚጎዳ አይተናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሕዝብ አልቋል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ካልታሰበለት እጅ እየገባ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲያቋርጡ፣ ለወራት ጦሙን ያደረው እህሉን የሸጠው ሰው ሳይሆን ምንም ያላጠፋው ተረጂ ነበር። ያን ወራት የረሳን እንደሆነ በወገናችን ላይ ጨክነናል።

በከተማ የምንኖር የተማርን ሰዎች ጥፋታችን ይበልጣል። የገበሬውን ችግር በሐዘኔታ እያወራን፣ የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሰጠንን መብት አንጠቀምበትም። ለወረዳችን የተመደበው ስንት ኩንታል ነው፣ ስንት ብር ነው፣ ለስንት አባወራ ደረሰ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ቢከለክል ጉዳዩ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ዝርዝሩ ከነመጠኑ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ በሚያየው ሰሌዳ ላይም እንደሚለጠፍ ሳይረጋገጥ፣ ማናችንም ቃለ ጉባኤው ላይ አንፈርም።